የኦክያሜ ያው ብሬፎ ሕይወት፣ በደረታቸውም ላይ የተጣለው ቃል

ኦክያሜ ያው ብሬፎ ከአባታቸው ከኦፓኒን ክዋሜ አዳዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ያ እንትርዋ፣ ሐሙስ ኦገስት 14 ቀን 1958 በጋና በአቤንክሮ መንደር ተወለዱ። ሐሙስ ስለተወለዱ ያው ተባሉ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛው እሳቸው ናቸው። አራተኛው ይህን የጻፍኩት እኔ ክዋኩ ድዋሜና ነኝ።

የሟች ታሪክ የሚጻፈው በተማረ ሰው ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው የቀረሁት። የሟች ልጅ አድዎዋ ፍሬማ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ስለሆነች እሷ ትጻፈው ብዬ ነበር። የቤተሰባችን አለቃ ኦፓኒን ክዋሲ እንሲያ ግን ያዘዙት እኔን ነው። አድዎዋም ወረቀቱን ስታመጣልኝ፣ "አጎቴ፣ የፊደል ስህተት ካለ አርምልዎታለሁ። ቃል ግን አንዲት አልጨምርልዎትም" አለችኝ። ለምን እንዳለች በዚህ ግቢ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። በወንድሜ ስም ላይ ከአራት ዓመት በፊት የተጣለ ቃል አለ። ያ ቃል ሳይነሣ አፈር ከለበሱ ቃሉም አብሯቸው ይገባል፤ ልጆቻቸውም የዚያ ሰው ዘር እየተባሉ ይኖራሉ። ዛሬ አስከሬኑ ከመነሣቱ በፊት መነሣት ያለበት እሱ ነው። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ እንደ ደንቡ ከልጅነታቸው ልጀምር።

ኦክያሜ ብሬፎ በ1965 በአቤንክሮ የሜቶዲስት ትምህርት ቤት ገቡ። ጎበዝ ነበሩ። እኔም ሰነፍ አልነበርኩም፤ በሒሳብ እበልጣቸው ነበር፣ የዚያን ጊዜ መምህራችን በሕይወት ቢኖሩ ይመሰክሩ ነበር። በ1972 የእናታችን ወንድም ወደ ቤታችን መጥቶ ከሁለታችን አንዳችንን ኩማሲ ሊያስተምር እንደሚችል ተናገረ። ሁለታችንንም አቁሞ አየን። ከዚያ፣ "ይኼኛው እጁ ለስላሳ ነው፣ እርሳስ ይያዝ። ያኛው ገጀራውን ለምዶታል" አለ። ያኛው እኔ ነኝ። እጄ የሻከረው የእሳቸውንም የካካዎ ረድፍ እኔ ስመነጥር ስለነበር ነው፤ ይህን ግን የጠየቀ የለም።

በኩማሲ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው በ1981 ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመረቁ። በትውልድ መንደራቸው ተመድበው ሠላሳ ሰባት ዓመት አስተማሩ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሻችሁ ፊደል የቆጠራችሁት በእሳቸው እጅ ነው። ከፊደል በፊት ሰላምታ ያስተምሩ ነበር። ልጅ ለታላቁ ሰላምታ ሲሰጥ ከወገቡ ካልተጎነበሰ ከበሩ ይመልሱት ነበር። "ጀርባህ ውስጥ ብረት አለ እንዴ? ተመለስና እንደገና ግባ!" ይሉ ነበር፣ ልጆቹም እየሳቁ ሦስት ጊዜ ይገቡ ነበር።

በ1985 ከወይዘሮ አፍዋ ሳርፖማ ጋር ተጋቡ። ሦስት ልጆች ወለዱ። በሰርጋቸው ቀን የእኔ ሥራ ጄኔሬተሩን መጠበቅ ነበር። ፎቶግራፍ ሲነሡ ጄኔሬተሩ ዘንድ ነበርኩ።

በ1991 አባታችን ሲያርፉ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉት ኦክያሜ ብሬፎ ነበሩ። ከሟች ልጆች ስም ዝርዝር ውስጥ የእኔ ስም "እና ሌሎችም" በሚለው ውስጥ ገብቶ ታተመ። ቦታ አልበቃ ብሎ ነው አሉኝ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ። ይህን የጻፍኩት ለወቀሳ አይደለም፤ በኋላ የሚመጣው ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ ብቻ ነው።

በ1999 የመንደራችን ባላባት የናና ኦክያሜ ሲሞቱ ለቦታው የሁለታችን ስም ተነሣ። ኦክያሜ የናናው አፍ ነው፤ ናና በዝግታ የሚሉትን ለሕዝብ አሳምሮ ያደርሳል፣ የሕዝቡንም ለናና። ምሳሌ ማወቅ ይጠይቃል። እኔ በመጠጥ ቤት በምሳሌ የረታኋቸው ሰዎች ዛሬም አሉ። ሽማግሌዎቹ ግን "የተማረ ይሻላል፣ አሁን ከመንግሥት ሰዎች ጋር ንግግር በዝቷል" ብለው በወርቅ የተለበጠውን በትር ለወንድሜ ሰጡ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ያዙት። እውነቱን ለመናገር በደንብ ያዙት። ሁለት ቤተሰቦች በወሰን ሊጨራረሱ ሲሉ በአንድ ከሰዓት ያስታረቁበትን ንግግር እኔም ሰምቻለሁ። ከሰው ኋላ ቆሜ ነው የሰማሁት።

አሁን ወደ ሕመማቸው እገባለሁ።

በ2016 ኩላሊታቸው ደከመ። በሳምንት ሁለት ቀን ኩማሲ እየሄዱ ደማቸው በማሽን ይታጠብ ጀመር። በክንዳቸው የተሠራው መስመር አልይዝ ስላለ የእጥበቱ ቱቦ በአንገታቸው ይገባ ነበር። ቀኙ ሲደፈን በግራ፣ ግራው ሲያመረቅዝ እንደገና በቀኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሆነ ባለቤታቸው ናቸው የሚያውቁት።

በ2018 መጀመሪያ ፊታቸው መሙላት ጀመረ። ጉንጫቸው ወጣ፤ አንገታቸው ወፍሮ ቀለበት በቀለበት ሆነ። በእኛ ዘንድ የተደራረበ አንገት የድሎት ምልክት ነው። የገበያ ሴቶች ሲያዩዋቸው፣

"ቲቸር፣ አማረብዎት! አፍዋ ፉፉውን በምን ነው የምትሠራው?" ይሏቸው ነበር።

"ንገሪኝና ለእኔም ባል ልሥራለት!" ትላለች ሌላዋ።

እሳቸው ይስቁና ያልፋሉ። ሳቃቸው ግን ሰልሎ ነበር፤ ድምፃቸው እንደ ጉንፋናም ሰው ጎርነን ብሎ ነበር።

ከዚያ መጎንበስ ተዉ። ይህ ነው መንደሩን ያስከፋው። ልጅ ሁሉ ሲያስጎነብሱ የኖሩ ሰው ለሽማግሌ ሰላምታ ቀጥ ብለው እንደ ምሰሶ ይቆማሉ። ጫማቸውን የሚያስሩላቸው ባለቤታቸው ናቸው። እኔ ቤት ለለቅሶ መጥተው ለአማቴ ሳይጎነበሱ እጅ ብቻ ሰጥተው ተቀመጡ። አማቴ ዘጠና ዓመታቸው ነበር። በማግስቱ "ወንድምህ ምነው፣ ወገባቸውም ወርቅ ተለበጠ?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም ትዕቢት ነው ብዬ ነው የያዝኩት። ሲጎነበሱ ደም ወደ ራሳቸው ሞልቶ ዓይናቸው ሊፈነዳ እንደሚደርስ፣ ተጋድመው መተኛት ስላልቻሉ ስድስት ወር ወንበር ላይ እንዳደሩ የማውቀው ነገር አልነበረም። አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

በዚያው ዓመት ናና በየስድስት ሳምንቱ አደባባይ ከሚቀመጡባቸው እሑዶች በአንዱ፣ ኦክያሜ ብሬፎ ኩታቸውን እስከ አንገታቸው ተከናንበው መጡ። ናና ፊት ወንድ ልጅ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ፣ ደረቱን ገልጦ፣ አደግድጎ ነው የሚቀርበው። የናና አፍ የሆነ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ። ናና ሁለተኛውን ኦክያሜ ጠሩና በጆሮው አንሾካሾኩ። ሰውየው ተነሣ።

"ኦክያሜ ብሬፎ፣ ናና ይጠይቃሉ፦ ኩታው ተሰፍቶብሃል ወይ?"

ሕዝቡ ሳቀ።

"ናና ይማሩኝ፣ በርዶኛል" አሉ ወንድሜ።

"ናና ይላሉ፦ በዚህ ፀሐይ ዛፉን እንኳ ያልበዋል። አውርድ።"

አወረዱ። ያን ጊዜ ሁላችንም አየን። ከአንገታቸው ሥር የተነሡ፣ የአውራ ጣት ያህል የወፈሩ ደም ሥሮች ደረታቸውን ሞልተው፣ እየተጠማዘዙና እየተጣመሩ ወደ ሆዳቸው ይወርዱ ነበር። ትንፋሽ ሲወስዱ የሚንቀሳቀሱ ይመስሉ ነበር። አንድ ሕፃን ጮኸ።

በእኛ አገር ሰው ገንዘብ የሚተፋለት እባብ ከመናፍስት ይቀበላል፣ በሰውነቱም ይሸሽገዋል የሚባል ወሬ እንዳለ ለእናንተ አልነግራችሁም። ወንድሜ በዚያው ዓመት የቤታቸውን ቆርቆሮ ለውጠው ነበር። ፊታቸው በልቶ ነበር። አንገታቸው ጠግቦ ነበር። እኔም አደባባዩ መካከል ተነሥቼ እንዲህ አልኩ፦

"እዩት! የሰው ደም ሥር እንደዚህ ይሄዳል? ከውስጥ ያለው እባብ ነው። ለዚህ ነው የማይጎነበሰው፣ እንዳያንቀው ነው። የሚበላው ከዚህ ነው!"

ቃሉን የተናገረው አፍ የእኔ ነው። ሌላ ማንም አይደለም። ከዚያ በኋላ የደጋገሙት ሁሉ ከእኔ ነው የሰሙት።

ኦክያሜ ብሬፎ ኩታቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና እኔን አዩኝ። ናናም ተነሡ። በዚያው ምሽት በትሩ ከእጃቸው ተወሰደ፤ ቃሉ እስኪረጋገጥ ወይም እስኪነሣ ድረስ በናና ግምጃ ቤት እንዲቀመጥ ተባለ። ልጆች በመንገድ ሲያዩዋቸው ወደ ግራና ቀኝ ይበተኑ ጀመር። ገበያ ውስጥ ከአፍዋ ቲማቲም የሚገዛ ጠፋ።

በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ አፍዋ ወደ ቤቴ መጡ። ሳይቀመጡ ተናገሩ፦

"ክዋኩ፣ አንተ የእናቱ ልጅ ነህ። እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬ ለቤተሰባችሁ እንግዳ ነኝ። ሐኪሟ ደረቱ ውስጥ የተዘጋውን ልክፈት ትላለች፣ አደጋም አለው፣ ቤተሰቡ ይፍቀድ ትላለች። እኔ ብቻዬን ብፈርም ቤተሰቡ ነገ 'ማን ፈቀደልሽ' ይለኛል።"

"ምን አለና ነው የሚከፈተው?" አልኳቸው።

"ሄደህ እየው! ዓይንህ እኮ ከአፍህ ቀጥሎ ነው ያለው!"

ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ግማሹ "ይሂድና ይታከም" አለ፣ ግማሹ "መጀመሪያ ይማል" አለ። ኦፓኒን እንሲያ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ብይን ሰጡ፦ "ፈቅደናል። ግን የከሰሰው ሰው አብሮ ይሂድ። ሐኪሞቹ ሲከፍቱት ይይ። እባብ ካለ እባብ አለ ይበለን። ከሌለም ይበለን።" እንደዚህ ያለ ምስክር በእኛ ቤተሰብ ተልኮ አያውቅም። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተሰቡ ወደ ከተማ የላከው እኔን ነበር።

በኖቬምበር 2018 በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሐኪሟ ተቀበለችን። ዶክተር ሴናም ትባላለች፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ ምላሷ የሰላ። ወረቀቱን ካነበበች በኋላ ቀና ብላ፣

"ባለ እባቡ አንተ ነህ?" አለችኝ።

"የቤተሰቡ ምስክር ነኝ" አልኳት።

"ጥሩ። ምስክር ከሆንክ በደንብ ትማራለህ። በገበያ ቀን ዋናው መንገድ ሲዘጋ ሹፌር ምን ያደርጋል?"

"በእርሻ መካከል ይገባል።"

"ጭነት መኪናው ሁሉ በእርሻ መካከል ሲገባ የእግር መንገዱ ምን ይሆናል?"

"ይሰፋል። ይቦረቦራል።"

"የወንድምህ ደረት ይኸው ነው" አለች። ከራስና ከሁለቱ ክንዶች ደም ሰብስቦ ወደ ልብ የሚያወርድ አንድ ትልቅ ደም መላሽ ቧንቧ እንዳለ፣ የእጥበቱ ቱቦዎች ሲገቡና ሲወጡ ግድግዳውን እንዳቆሰሉት፣ ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ሆኖ እንደዘጋው አስረዳችኝ። ደሙ ወደ ልብ መድረስ ስላለበት በቆዳ ሥር ባሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ተሻግሮ ይወርዳል። እነዚያ ናቸው ያበጡት። ፊቱም የሞላው ከምግብ ሳይሆን መውረጃ ካጣ ደም ነው። "ሰውየው ጠግቦ አይደለም። ታንቆ ነው" አለችኝ።

የራጅ ጨረር የሚከላከል ከባድ ልብስ አለበሱኝና ከመስተዋት ወዲያ አቆሙኝ። ወንድሜ ጠረጴዛ ላይ በትራስ ከፍ ብለው ተጋድመዋል። አላስተኟቸውም፤ ብሽሽታቸውን ብቻ አደንዝዘው በዚያ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገቡ። መጀመሪያ በራጁ በሚታይ ቀለም ደሙ የት እንደሚሄድ አሳዩኝ። ጥቁሩ ቀለም ከክንዳቸው መጥቶ ደረታቸው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ወደ መቶ ቦታ ተበተነ፣ እየተጥመለመለ። በአደባባይ ያየሁት እሱው ነበር። እኔም አላበኝ፤ ልክ ነበርኩ ብዬ ነው ያላበኝ።

ሽቦው የተዘጋው ቦታ ላይ አልገባ አለ። ሐኪሟ ትገፋለች፣ ትመልሳለች፣ ትጠመዝዛለች። ከብሽሽት እምቢ ሲል ከአንገት ሌላ ሽቦ አወረደች። ሁለት ሰዓት ተኩል አለፈ። ቧንቧው ቢቀደድ ደሙ ወደ ልባቸው ሽፋን ይፈሳል፣ እዚያው ሊሞቱ ይችላሉ ብላኝ ነበር። እኔ እዚያ ቆሜ ምን እንደፈለግኩ በትክክል አላውቅም። እባቡ እንዲወጣ? ወንድሜ እንዲድኑ? ሁለቱም አንድ ላይ አይሆኑም ነበር።

በመካከል የወንድሜ ድምፅ በማጉያው መጣ።

"ክዋኩ አለ?"

"አለ" አለች ሐኪሟ።

"ያያል?"

"ያያል።"

"እንግዲያው ቀስ በይ፣ ዓይኑ ደካማ ነው" አሉ። ነርሶቹ ሳቁ። ዓይኔ ደካማ መሆኑን ለማን ነግሬ አውቃለሁ? በካካዎው ጊዜ ቅጠልና ፍሬ ስቀላቅል አይተው ይሆናል። ከዚያ በፊት ተናግረውት አያውቁም ነበር።

ሽቦው አለፈ። ፊኛ ነፉበት፤ ወንድሜ "ደረቴ!" ብለው ጮኹ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ከሽቦ መረብ የተሠራ ቱቦ፣ ስቴንት የሚሉትን፣ አስገብተው ከፈቱት። የተጨማደደው ቀዳዳ ተዘረጋ። እንደገና ቀለሙን ለቀቁ። ቀለሙም ቀጥ ብሎ፣ እንደ ዝናብ ውኃ በአሸንዳ፣ ወደ ልባቸው ወረደ። እነዚያ መቶ ጥምልምሎች አልታዩም። በዚያው ቅጽበት፣ በዓይኔ እያየሁ፣ ጠፉ። አልሸሹም፣ አልተገደሉም። የሚሄድባቸው ስለሌለ ብቻ ባዶ ሆኑ።

"ምስክር፣ አየህ?" አለች ሐኪሟ።

"አየሁ" አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ በጀርባቸው ተጋድመው፣ አንገታቸው ቀጥኖ፣ የድሮውን ፊታቸውን ይዘው አገኘኋቸው። ያ ፊት ከጠፋ ወራት እንደሆነው ያወቅኩት ሲመለስ ነው። ከአልጋው ወርደው ጎንበስ ብለው ነጠላ ጫማቸውን ራሳቸው አሰሩ፤ ቀና ሲሉ አልቅሰው ነበር። "ክዋኩ፣ እባቡ የት ገባ?" አሉኝ።

"በመስኮት ወጥቶ ይሆናል" አልኩ።

"ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ አንተን ይነክስ ነበር፣ ጎረቤቱ አንተ ነህና" አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። ከአርባ ዓመት ወዲህ አብረን የሳቅነው ያን ቀን ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ።

በደንባችን በናና ፊት ሰውን በሐሰት የከሰሰ፣ በዚያው አደባባይ ቆሞ ቃሉን ይመልሳል፤ "ያልኩት ሐሰት ነው" ይላል፤ በግም ያቀርባል። እኔ ከኩማሲ በመኪና ስንመለስ የምናገረውን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። ሽቦውን፣ ቀለሙን፣ የገበያውን መንገድ። ለመጀመሪያ ጊዜ በናና ፊት ቆሜ በምሳሌ ልናገር ነበር። እሑዱ ደረሰ። ናና ተቀመጡ። ስሜ ተጠራ። ተነሣሁ። አፌን ሳልከፍት ኦክያሜ ብሬፎ ቀደሙኝና ኩታቸውን አውርደው፣ አሳምረው ጎንበስ ብለው፣ እንዲህ አሉ፦

"ናና፣ ወንድሜ ነው። ተቆጥቶ የተናገረው ነው። እኔ ትቼለታለሁ። በግ አታስከፍሉት፣ በአደባባይም አታዋርዱት።"

ሕዝቡ አጨበጨበ። "ይኼ ነው ሰው!" ተባለ። ሴቶች እልል አሉ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ተቀመጥኩ።

ደግነት ነበር። አሁን ሳስበው ደግነት ነበር። ያን ቀን ግን ሳልጠይቅ ይቅር ተባልኩ። አፌ ላይ የነበረውን ቃል እንኳ እሳቸው ተናገሩት፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ከእኔ አሳምረው። በሕይወቴ አንድ ጊዜ የምናገረው ነገር ነበረኝ፤ እሱንም ወሰዱት ብዬ ተቆጣሁ።

ወንድሜ የናና አፍ ሆነው አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲኖሩ አንድ ነገር ዘነጉ። የተተወ ክስና የተመለሰ ቃል አንድ አይደሉም። ክሱን ተበዳዩ ይተወዋል፤ ቃሉን ግን የሚመልሰው የተናገረው ብቻ ነው። ስለዚህ በትሩ ከግምጃ ቤት አልወጣም። ሽማግሌዎቹ የእኔን አፍ ጠበቁ፤ እኔም ዝም አልኩ። መንደሩም የራሱን ተረጎመ፦ "ወንድምየው አይቶታል፣ ስለዚህ ነው ዝም ያለው። ወንድማማቾቹ ተስማምተው ሸፈኑት።" እባቡ ከይቅርታው በኋላ ከበፊቱ ባሰ።

በ2020 ስቴንቱ ጠብቦ እንደገና በፊኛ አሰፉላቸው። ከዚያ ወዲያ ፊታቸው አላበጠም። በ2021 የዝናቡ ወቅት ሲያበቃ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ካካዎ ማድረቂያዬ መጡ። ከዘራ ይዘው ነበር። በርጩማ ሰጠኋቸው።

"ክዋኩ" አሉኝ፣ "አድዎዋን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ስለ እኔ ጠይቀው ተመለሱ።"

"ሰምቻለሁ።"

"አንድ ቀን ለናና ብትነግራቸው።"

"ይቅር ብለኸኝ የለም እንዴ?" አልኳቸው። "ይቅር የተባለ ሰው ምን ቀረው የሚናገረው?"

ከማድረቂያው አንድ ፍሬ አንሥተው በመዳፋቸው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት። "ልክ ነህ" አሉኝ። "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ላስቀይምህ ፈርቼ ነው ያስቀየምኩህ።" ተነሥተው ሄዱ። እኔም ፍሬዬን መገልበጤን ቀጠልኩ። በነጋታው መሄድ እችል ነበር። በሳምንቱም፣ በወሩም እችል ነበር።

ኦክያሜ ያው ብሬፎ ማክሰኞ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2022 በስድሳ አራት ዓመታቸው በተኙበት ዐረፉ። ልባቸው ነው የደከመው። ዶክተር ሴናም ለቤተሰቡ በላከችው ወረቀት ላይ በደረታቸው ያለው ስቴንት እስከ መጨረሻው ክፍት እንደነበር ጽፋለች። ሽማግሌዎቹም ቃሉ ካልተነሣ እንደ ኦክያሜ በከበሮ እንደማይሸኙ፣ እንደ ተራ ሰው እንደሚቀበሩ ነገሩን። ናና ግን ይህ ጽሑፍ በግቢያቸው፣ በዚያው አደባባይ፣ በእኔው አፍ እንዲነበብ ፈቀዱ። ስለዚህ ለናና እና ለተሰበሰበው ሁሉ እንዲህ እላለሁ፦

እኔ ክዋኩ ድዋሜና በወንድሜ በያው ብሬፎ ላይ የተናገርኩት ሐሰት ነው። በደረታቸው የተዘጋው ሲከፈት አይቻለሁ። እባብ አልነበረም። መንገድ የተዘጋበት ደም ነበር። ይህንን ከኖቬምበር 2018 ጀምሮ አውቅ ነበር፤ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት የሚደበቅ ነገር ኖሮ ሳይሆን፣ በእሳቸው ተቆጥቼ ነው። ቤታቸው የተሠራው በመምህርነት ደሞዛቸውና በአፍዋ ቲማቲም ነው። ልጆቻቸው የንጹሕ ሰው ልጆች ናቸው። ተናጋሪው እኔ፣ መላሹም እኔ ነኝ። በጉ ከበሩ ታስሯል።

ኦክያሜ ብሬፎ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አፍዋ ሳርፖማን፣ ልጆቻቸውን አድዎዋ ፍሬማን፣ ኮፊ አዳዴን እና በአያቷ ስም የተጠራችውን ያ እንትርዋን፣ ስድስት የልጅ ልጆችን፣ እህታቸውን አቤና ኪሲዋን እና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል።

የፈጠራቸው አምላክ ነፍሳቸውን ያለ ክስ ይቀበል፤ የቀደሙን አባቶችና እናቶችም በመካከላቸው ወንበር ይስጧቸው። ወንድሜ ያው፣ ያን እሑድ የሰጠኸኝን ይቅርታ አልተቀበልኩትም፣ አሁንም አልቀበለውም፤ ስላልጠየቅኩት የእኔ አይደለም። አንድ ቀን አንተ ያለህበት እመጣለሁ። ያን ጊዜ እባክህ አትቅደመኝ፤ በአፌ ልጠይቅህ።